ሰብሳቢዋ ከወንበሯ ስትነሳ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የሕግ ፋኩልቲው ዲን የኤፍራይን ባራሳ ልጅ የሰው ጽሑፍ ሰርቃለች ተብላ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ መሆኑን የኮሚቴው ሰብሳቢ ኤልቪያ ቻሪስ የሰማች ዕለት፣ ከቢሮዋ ወጥታ በባራንኪያ ከተማ የቀትር ሐሩር ውስጥ ተራመደች። ጥግ ላይ ካለችው ጠባሽ ዘንድ ቆማ፣ እንቁላል የታጨቀበት ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ከነዘይቱ በላች። ለወትሮው ጥብስ ነገር አይስማማትም። ያን ቀን ግን ጨመረች፤ ጣቷንም ላሰች።

ነገሩ የቆየ ነው። ኤልቪያ በዚሁ ፋኩልቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለች ኤፍራይን የማይለያት የጥናት ጓደኛዋ ነበር። ቤቷ እየመጣ የእናቷን የዓሣ ሾርባ ይጠጣል፣ ከአባቷ ጋር በኳስ ይከራከራል። ወንዝ ዳር በገዛ እጃቸው ጎጆ ቀልሰው ስለሚኖሩ ሰዎች መብት የጻፈችውን ጽሑፍ “የፊደል ግድፈት ልልቀምልሽ” ብሎ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ከቃል እስከ ነጥብ አንድ የሆኑ ሁለት ጽሑፎች፣ አንዱ በእሷ አንዱ በእሱ ስም፣ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተገኙ። የኤፍራይን አጎት ደግሞ ያኔ ምክትል ዲን ነበሩ። ኤልቪያ ተጠርታ ስትገባ ነገሩ ተበልቶ አልቋል። “መናገር እችላለሁ?” ብላ ጠየቀች።

“ምኑን ነው የምትናገሪው፣ ልጄ? ተወስኗል” አሏት ምክትል ዲኑ።

ማን እንደከሰሳት፣ በምን ማስረጃ እንደተፈረደባት የነገራት የለም። ስትወጣ ደረጃው ላይ ኤፍራይንን አገኘችው። “ምን ላድርግ፣ ኤልቪ” አላት። ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር። መሪውን ይዞ ተሳፋሪውን ሁሉ “ሴቷ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው፣ ሕግ ነው የምታጠናው” እያለ የሚያደክም ሰው፤ በዚያ አገር የሕግ ሰውም “ዶክተር” ነው የሚባለው። ልጁ መባረሯን ሲሰማ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሄደ፤ ዘበኛው አላስገባውም። ተመልሶ ገበታው ላይ ተቀመጠና፣ “ዩኒቨርሲቲ ሰውን ያለ ነገር አያባርርም” አለ። አልተቆጣትም፣ አልመታትም። ከዚያ በኋላ ግን ለተሳፋሪ ስለ እሷ ተናግሮ አያውቅም። ኤልቪያ በሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀን ጨርቅ እየሸጠች ማታ ማታ ተምራ ጠበቃ ስትሆን እሱ አፈር ከለበሰ ቆይቶ ነበር። ሌባ ልጅ ወልጃለሁ እንዳለ ሞተ።

ኤልቪያ ስመ ጥር ጠበቃ ሆነች፤ የወደብ አሠሪዎች ስሟ ሲጠራ ያልባቸው ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት የዩኒቨርሲቲውን ስም ላድስ ብለው የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ከውጭ መጥታ እንድትመራ ሲለምኗት፣ ለምን እሺ እንዳለች ለማንም አልገባም። ለእሷ ገብቷታል። ኤፍራይን ዲን ነበር። አንድ ቀን አንድ ነገር በበሩ እንደሚገባ አውቃ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

የገባው ነገር ደግሞ ቁርጥ የራሷን ታሪክ ይመስል ነበር። የኤፍራይን ልጅ ሉስማሪ፣ እንዲሁም ዬይነር ኤስኮርሲያ የሚባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ስለ ሐይቅ ዳር አጥማጆች መብት የተጻፈ አንድ ዓይነት የመመረቂያ ጽሑፍ አስገብተዋል። ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ።

ኤፍራይን ወሬው በተሰማ ማግስት ቢሮዋ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሽቶው ከፊቱ ይቀድማል።

“ስንት ዘመናችን፣ ኤልቪ” አለ ሳይጋበዝ እየተቀመጠ። “በአንድ ግቢ ውለን ቁጭ ብለን አናወራም።”

“ተቀምጠሃል፤ አውራ።”

“ልጁ ብልህ ነው፣ አይካድም። ግን ችግር አለበት፤ ችግር ደግሞ እጅን ያስረዝማል። እኔ እንዲጎዳ አልፈልግም። ብቻ አታራዝሚው። ልጆቹን ምን በአደባባይ ያጎትታቸዋል? አጭር ይሁን።”

“እንደ እኔው አጭር?”

ኤፍራይን የሰዓቱን ማሰሪያ ነካካ። “ያኔ ልጆች ነበርን።”

“አንተ ልጅ ነበርክ። እኔ ሌባ ነበርኩ” አለች ኤልቪያ። “ግን ግድ የለም። አጭር ይሆናል።”

የልቡ ደርሶ ወጣ። ኤልቪያም የልቧን ወስና ነበር፦ ሉስማሪ ትገባለች፣ “መናገር እችላለሁ?” ትላለች፣ “ምኑን? ተወስኗል” ትባላለች። የሚፈርዱት ከእሷ ጋር ሦስት ናቸው። አንደኛው ሽማግሌው መምህር ፋዱል፣ ሁልጊዜ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያጋድሉ። ሌላዋ ማይሌት የምትባል የተማሪዎች ተወካይ፣ ሰብሳቢዋን እንደ ታቦት የምታይ። በማይሌት ድምፅ ነገሩ ያልቃል። ኤፍራይን ደግሞ ደረጃው ላይ ልጁ ስትወርድ ይቆማል፤ ያኔ “ምን ላድርግ” እንዴት እንደሚባል ያየዋል።

ምሳ ልትበላ ሬቦሎ ሰፈር እናቷ ዘንድ ሄደች። ዶና ኢስቤርታ ካሳቫ እየላጡ አዳመጧትና ቢላዋቸውን አቆሙ።

“ልጅቷ ናት ወይ አባትሽን የገደለችው?”

“አባቴን ማንም አልገደለም፣ እማ።”

“እኔ ነኝ አብሬው የተኛሁት፣ እኔ አውቃለሁ። ጫጩቷን ምን ላድርጋት? እኔ ጭልፊቱን ነው የምፈልገው።”

“ጫጩቷ ስትነካ ጭልፊቱ ይጮሃል።”

“ይጮህና ይረሳል። እንደዚያ ዓይነቱ ልጁ ስትወድቅ ‘ወይ የእኔ መከራ’ ብሎ ሰው ያስለቅሳል። ማሕበርተኛው ሁሉ ቡና ይዞለት ይመጣል። ለዚህ ነው የተማርሽው?” አሉና ካሳቫቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ኤልቪያ ሳቀች እንጂ ከሐሳቧ ፈቀቅ አላለችም።

የችሎቱ ዕለት ጠዋት ሰማዩ ከወንዙ ወገን ጠቁሯል። ከሁሉ ቀድመው የመጡት ፋዱል ነበሩ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

“ኤልቪያ፣ ኤፍራይን ‘ሰብሳቢዋ ከችሎት ትነሳልኝ’ ብሎ ያላመለከተው ለምን ይመስልሻል?”

“አፍሮ ነዋ።”

“ኤፍራይን?” አሉ ሽማግሌው፤ ሳቅ ሊሉ ፈልገው ሳል ሆነባቸው። “ልጁን ዛሬ ብታባርሪያት ነገ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ‘ዳኛዋ የድሮ ቂመኛዬ ናት፤ ይኸው ሰው ሁሉ ያውቃል’ ይላል። ውሳኔሽ እንደ እርጥብ ካርቶን ይቀደዳል። ልጅቷ ትመለሳለች፣ ያ ምስኪን ልጅ በይግባኝ ሲንከራተት ዓመቱ ያልቃል። አንቺ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥሽ ለኤፍራይን ጋሻ ነው። ዝም ያለው ጋሻውን እንዳይነጠቅ ነው።”

ኤልቪያ ራሷ በዚህ መንገድ ስንቱን ፍርድ አስፈርሳለች። ለራሷ ሲሆን እንዴት እንደተሰወረባት ገረማት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኼው ነው።

“ለምንድነው የሚነግሩኝ?”

“ያኔ አንቺን ስናባርር እኔም ፈርሜያለሁ። ከሁሉ ታናሽ መምህር ነበርኩ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ክፍል ውስጥ ስትናገሪ ሰምቼ አውቅ ነበር።”

“መፈረምዎን አውቃለሁ።”

“ማወቅሽን አውቃለሁ” አሉ ፋዱል፤ ባርኔጣቸውን አገላበጡ። “ከሌላው ነገር የከበደኝ እሱ ነው። በየስብሰባው ‘እንደምን አደሩ’ ትይኛለሽ።”

ኤልቪያ ተናደደች። ስንት ዘመን የጠበቀችውን ወንበር፣ ልትበላበት በተሰናዳችበት ገበታ ላይ ልቀቂ እየተባለች ነው። ልቀመጥና የመጣው ይምጣ ልትል ምንም አልቀራትም። ግን ከተቀመጠች ያ ሰው እንደገና ያመልጣል። እሱን ስታስበው ጉልበቷ ጸና።

ሰው ሁሉ ገባ። ዬይነር ብቻውን፣ የተውሶ በሚመስል ኮት። ሉስማሪ ከጠበቃዋ ጋር፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ። ኤፍራይን ከኋላዋ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጭኖ። ኤልቪያ ደወሏን አንድ ጊዜ መታች።

“የምናገረው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር” አለች። “ይህን ጉዳይ መዳኘት አልችልም። ምክንያቱን መናገር ደግሞ ግዴታዬ ነው። ተማሪ ሳለሁ፣ እዚህ የተቀመጠው ኤፍራይን ባራሳ ጽሑፌን ወስዶ በስሙ አስገባ። እኔ ተባረርኩ። የጠየቀኝ የለም፣ የሰማኝም የለም። እጠላዋለሁ። የሚጠላ ሰው አይፈርድም፤ ስለዚህ እነሳለሁ።”

የማይሌት ብዕር ከእጇ ወደቀ። ሉስማሪ ቀስ ብላ ዞራ አባቷን አየችው።

“ይህ ከያዝነው ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?” አለ ኤፍራይን፤ አንገቱ በርበሬ መስሏል።

“አላገናኘውም። ለዚህ እኮ ነው የምነሳው።”

“ስሜን ማጥፋት ነው ይሄ።”

“ሐሰት ከሆነ ክሰሰኝ። ጽሑፉን እንዴት እንደጻፍከው ፍርድ ቤት ትነግራቸዋለህ።” ከዚያ ወደ ፋዱል ዞረች። “ወንበሩ የእርስዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለቱም የቀረበባቸውን ሁሉ ይዩ። ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ይናገሩ። ዘመድ ውጭ ይሁንና ለየብቻ ይጠየቁ።”

“እኔ አባቷ ነኝ” አለ ኤፍራይን።

“ዲንም ነዎት” አሉ ፋዱል። ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው የሚያውቅ አልነበረም። “ለሁለቱም ዲናቸው ነዎት። ጠበቃዋ አጠገቧ አለ። እባክዎ ይውጡ።”

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ውጭ ቀሩ። ኤልቪያ በአንደኛው አግዳሚ፣ ኤፍራይን በሌላው፣ መሃላቸው የተዘጋው በር። ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ባራንኪያ ሲዘንብባት መንገዱ ሁሉ ወንዝ ይሆናል፤ አሮዮ የሚሉት የመንገድ ጎርፍ ሲነሳ መኪና እንኳ እንደ ቅርፊት ይዞ ይሄዳል፣ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም። ከመስኮቱ ሥር ቡናማው ውሃ የአንዱን ሱቅ ማቀዝቀዣ እያንከባለለ አለፈ።

“ደስ አለሽ?” አለ ኤፍራይን።

“ገና።”

“ልጄ ምን አደረገችሽ?”

“ምንም። አባቴስ ምን አድርጎህ ነበር?”

ኤፍራይን ወደ መስኮቱ ዞረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። “አጎቴ ናቸው ነገሩን የጨረሱት። እኔን ማን ጠየቀኝ?”

“አጎትህ አፍህን ሰፍተውት ነበር? ቤቴ መጥተህ የእናቴን ሾርባ ስትጠጣ የሚከፈት አፍ ነበረህ። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ አንድ ቀን መጥተህ እናቴን ‘እሷ አልሰረቀችም’ ብትላቸው ምን ነበረበት? ከሬቦሎ እስከ ዲንነት ወንበርህ የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነው።”

“ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጊዜው ሄደ፤ ጊዜው ሲሄድ ደግሞ የሆነ ነገር አይመስልም።”

“ለአንተ” አለች።

ከውስጥ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ፤ የሉስማሪ ነበር። ኤፍራይን ተስፈንጥሮ በሩን ሊከፍት ሄደ።

“ግባ” አለች ኤልቪያ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ። “ግባና ምስክር ስታስፈራራ ይዩህ። ያኔ ልጅህ ነጻ ብትወጣ እንኳ ውሳኔውን የማስፈርሰው እኔ ነኝ። ሥራዬን ታውቀዋለህ።”

እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። ሊወርድ ፈልጎ ደረጃውን አየ፤ ከደረጃው ግርጌ ውሃው እያገሳ ነው። መግቢያም መውጫም አጥቶ መሃል ላይ ቆመ። ኤልቪያ አየችው። ዓይኗን አልሰበረችም፤ ይህን መልክ ከዚህ በፊት በሕልሟ ብቻ ነበር ያየችው።

በሩ ተከፈተና ሉስማሪ ወጣች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

“ነገርኳቸው” አለች።

“ምኑን?” አለ አባቷ።

“አንተ እንደሰጠኸኝ። ‘የድሮ ተማሪዎች ናሙና ነው፣ ቤት ውስጥ የተረፈ፣ እንዳለ ተጠቀሚበት፣ ማንም አያውቀውም’ ብለህ እንደሰጠኸኝ። ዬይነር እንድታይለት ለአንተ ሰጥቶህ እንደነበር ዛሬ ገና ከአፉ ሰማሁ።”

“ሉስ፣ እኔ ላንቺ ብዬ...”

“ስንት ቀን ‘ዝም በይ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ’ አልከኝ። ልጁ ሌባ እየተባለ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠየቁኝ፣ ፓፓ። ለብቻዬ አስቀምጠው፣ ‘አንቺ የምትይውን እንስማ’ አሉኝ። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።”

ከዚያ ወደ ኤልቪያ ዞረች። “የእርስዎንም ሰርቆ ነው አይደል?”

“አዎ።”

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ወርዳ፣ ውሃው እስኪጎድል ከደረጃው ግማሽ ላይ ተቀመጠች። ኤልቪያ አንድ የሚያጽናና ቃል ልትነግራት ፈለገች፤ ፈልጋ ፈልጋ አጣች። እንደሐሳቧ ቢሆን ኖሮ ይህቺ ልጅ ቃሏን ሳትሰጥ ተባርራ፣ አባትየው ልቡ የተሰበረ አባት ተብሎ እየተጽናና ይኖር ነበር። ይህ ሲገባት ጀርባዋን በረዳት።

“አሁንስ ደስ አለሽ?” አለ ኤፍራይን፤ ድምፁ አልቋል።

“አዎ” አለች። እውነቷን ነበር።

ፋዱልና ማይሌት ፈጥነው አልወሰኑም። ዳግመኛ ቀጥረው ምስክር ሰሙ፣ ሉስማሪም በጠበቃዋ በኩል የምትለውን ሁሉ አለች። ዬይነር ነጻ ወጣ። ሉስማሪ ያልሠራችውን ሥራ በስሟ በማስገባቷ ለግማሽ ዓመት ታገደች፤ ራሷ ስለተናዘዘች አልተባረረችም። ኤልቪያ ቅጣቱን ስትሰማ ያንስባት መስሏት ነበር፤ አስተያየት ግን አልሰጠችም። ኤፍራይን ከዲንነቱ ወርዶ ጉዳዩ ለመምህራን ጉባኤ ተመራ። በኋላም ከመምህርነቱ ተሰናበተ። ፊት ለፊት ሲያገኙት “ዶክተር” ይሉት የነበሩት ባልደረቦቹ መንገድ መሻገር ለመዱ። እሱ ተጠየቀ፣ ተሰማ፣ ምስክርም ጠራ፤ አንድ ስንኳ አልመጣለትም። ኤልቪያ ይህን የምትነግረው ሰው ስታገኝ ሁለት ጊዜ ነበር የምትነግረው።

አንድ ቀን ፋዱል ቢሮዋ መጡ። “ያንን የድሮ ውሳኔ ኮሚቴው እንዲሰርዘው አድርጌያለሁ” አሏት። “ስምሽ ነጽቷል።”

“ስሜ የጠፋው እዚህ አይደለም” አለች ኤልቪያ። “ሬቦሎ ነው የጠፋው። አባቴ ሁልጊዜ በሚያልፍበት መንገድ ላይ። እዚያ መጥተው ይናገሩ።”

“ሽማግሌ ነኝ እኮ፣ ልጄ።”

“አባቴም ሽማግሌ ነበር፤ እዚህ በር ድረስ መጥቶ ነበር።”

እሑድ መጡ። ሬቦሎ እሑድ ከሰዓት ሰው ሁሉ ደጅ ነው፤ ዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ ይጮሃል፣ ሙዚቃው ከሦስት ቤት ይለቀቃል። ፋዱል በደረቅ ሱፍ ልብስ፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ፣ ዶና ኢስቤርታ ከልጃቸው ጋር በተቀመጡበት ደጃፍ ቆሙ። ጎረቤት አንድ በአንድ ዝም አለ። አንዱ ሄዶ ሙዚቃውን ቀነሰ።

“እኔ ፋዱል እባላለሁ” አሉ። “ልጅዎ ኤልቪያ ከዩኒቨርሲቲ ስትባረር ከፈረዱት አንዱ እኔ ነኝ። አልሰረቀችም ነበር። የተሰረቀችው እሷ ናት። እኔ አውቄ ፈረምኩ። ይህን ለባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ መንገር ነበረብኝ።”

“ጮክ ይበሉ” አሉ ዶና ኢስቤርታ። “ጥግ ያለው ፀጉር አስተካካይ አልሰማም። እሱ ነበር ብዙ የሚያወራው።”

ፋዱል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ መላጫውን ይዞ በሩ ላይ ወጣ፤ ሰምቶ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

የባሕር ዳር ሰው እንግዳን አያቆምም፤ በዚያ ሰፈር ጠላት እንኳ ቢመጣ ወንበርና ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርብለታል። ከግድግዳው ጋር ባዶ ወንበር ተደግፎ ነበር። ዶና ኢስቤርታ ወንበሩን አዩት፣ ሰውየውን አዩት፣ ማራገቢያቸውን አንስተው ፊታቸውን አራገቡ። ኤልቪያም አልተነሳችም።

“ጨረሱ?” አሉ ዶና ኢስቤርታ።

“ጨርሻለሁ።”

“እንግዲያው ደህና ይዋሉ።”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ በጸጥተኛው መንገድ መሃል፣ ፀሐዩ ማጅራታቸው ላይ እየወደቀ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ ማንም ዶሚኖ አልጣለም።